ላይብረሪ ማስጎብኘት ማስተማር አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች።

ስለ ትምህርት ጥራት በጋዜጣችሁ ብዙ ይጻፋል። ስለ ፈተና፣ ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን ደመወዝ፣ ስለ መጻሕፍት እጥረት። ሁሉም ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ሲነሳ አይቼ አላውቅምና እኔው ላንሳው። የኮሌጅ ተማሪ መረጃ እንዴት እንደሚፈለግ፣ ያገኘውስ መረጃ የሚታመን መሆን አለመሆኑ እንዴት እንደሚጣራ የሚያስተምረው ማን ነው? የምጽፈው ከጅማ ነው። እዚሁ ከተማ አንድ ኮሌጅ ላይብረሪ ውስጥ እሠራለሁ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ የምለው ነገር በእኛ ግቢ ብቻ ያለ አይመስለኝም።

መልሱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ማንም አያስተምረውም። መምህሩ ላይብረሪው ያስተምራል ብሎ ያስባል። ላይብረሪው መምህሩ ያስተምራል ብሎ ያስባል። ተማሪው ደግሞ ቴሌግራም ላይ ነው።

"ኧረ ኦረንቴሽን አለ" የሚል ይኖራል። አዎ፣ አለ። አዲስ ተማሪ ሲገባ በቡድን በቡድን ሆኖ ይመጣል። ቦርሳ የሚቀመጠው እዚህ ነው፣ መታወቂያ ሳይዙ መግባት ክልክል ነው፣ መጽሐፍ ላይ ማስመር ያስቀጣል፣ የስልክ ድምፅ ይጥፋ፣ ይህ ሰርኩሌሽን ነው፣ ያ ሪፈረንስ ነው፣ ሽንት ቤቱ በዚያ በኩል ነው። አለቀ። ከኋላ የቆሙት ምንም አልሰሙም። ከፊት የቆሙት ደግሞ ገና ከመናኸሪያ ሻንጣ ይዘው የወረዱ፣ ዶርም ያልተደለደሉ ልጆች ናቸው፤ ልባቸው እዚያ ነው። በዚያ ሰዓት ስለ ካታሎግ፣ ስለ መጻሕፍቱ ዝርዝር፣ ብትነግራቸው ምን ይሆንላቸዋል? አሳይመንት እንኳ አልተሰጣቸውም። ገና የሚፈልጉት ነገር ለሌላቸው ልጆች ነው እንዴት እንደሚፈለግ የምንነግራቸው።

አሳይመንቱ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። ያኔ ተማሪው ላይብረሪ ይመጣል፤ የሚመጣው ግን ለሶኬቱ ነው። ለጠረጴዛውና ለጸጥታው ነው። ሃንድአውቱን ይዞ ይገባል፣ ስልኩን ይሰካል፣ አንብቦ ይሄዳል። አልፈርድበትም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ተፋፍጎ ለሚኖር ልጅ ጸጥታ ማግኘት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ዓመታት ሙሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንድም ቀን ካታሎግ ሳይከፍት፣ ሪፈረንስ ክፍል ያለውን ሰው አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚመረቅ አለ። ብዙ አለ።

ታዲያ አሳይመንቱን ከየት ያመጣዋል? አንደኛው መንገድ የባለፈው ዓመት ልጆች የሠሩት ፒዲኤፍ ነው፤ በቴሌግራም ግሩፕ ይዘዋወራል፣ ስሙ ብቻ ይቀየራል። ሁለተኛው ጎግል ላይ መጀመሪያ የወጣውን ኮፒ ፔስት ማድረግ ነው። ሦስተኛው በየግቢው ዙሪያ ያሉት ጽሕፈት ቤቶች ናቸው፤ በራቸው ላይ "አሳይመንት፣ ፕሮፖዛል፣ ሪሰርች እናማክራለን" ብለው ይለጥፋሉ። ማማከር! ብሩን ከፍለህ በፍላሽ ይዘህ የምትወጣው ምክር። አራተኛው ደግሞ አሁን አሁን ሁሉንም እየዋጣቸው ያለው ቻትጂፒቲ ነው። ወደሱ እመለሳለሁ።

ነገሩን በምሳሌ ላሳያችሁ፤ ለጅማ ሰው ደግሞ ከቡና የቀረበ ምሳሌ የለም። የቡናን ታሪክ ጻፉ የሚል አሳይመንት ሲሰጥ፣ አብዛኛው ወረቀት የሚጀምረው በካልዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ850 አካባቢ ካልዲ የሚባል ፍየል ጠባቂ፣ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲጨፍሩ አየ፣ ፍሬውን ለመነኮሳት ወሰደ። ቆንጆ ታሪክ ነው። ምንጩን ስትጠይቀው የአንድ ቡና ሻጭ ኩባንያ ድረ ገጽ ያሳይሃል። ያ ድረ ገጽ ሌላ ድረ ገጽ ይጠቅሳል። ሌላኛው ምንም አይጠቅስም። ልጁም "ጋሼ፣ ሁሉም ቦታ እኮ እንዲህ ነው የሚለው!" ይልሃል።

ሁሉም ቦታ ያለው ሁሉም ከአንዱ ስለቀዳ ነው። ወደ ኋላ እየተከተልክ ብትሄድ ይህ የእረኛ ታሪክ በጽሑፍ መጀመሪያ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ በታተመ አንድ የላቲን ጽሑፍ ውስጥ ነው። ጸሐፊው አንቷን ፋውስቶስ ናይሮን የሚባል ማሮናዊ (ከሊባኖስ ክርስቲያኖች ወገን የሆነ) ምሁር ነው። ተፈጸመ ከሚባለው ጊዜ ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚያ ላይ በናይሮን ጽሑፍ ውስጥ እረኛው ስም የለውም፤ ቦታውም የመን ነው። ካልዲ የሚለው ስምና ኢትዮጵያ የሚለው አገር በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎች ቅር ይላቸዋል። ቡናችንን የቀማኋቸው ይመስላቸዋል።

ማንም አልቀማንም። አረቢካ ቡና የዚህ የደቡብ ምዕራብ ጫካ ልጅ መሆኑን የሚያሳየው ማስረጃ እንዲያውም ከፍየሎቹ በጣም ይጠነክራል። ቡናው እስከ ዛሬ በየጫካችን ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። የዘረመል ጥናት አረቢካ የሁለት የቡና ዝርያዎች፣ የካኔፎራ እና የዩጂንዮይደስ ዲቃላ መሆኑን አሳይቷል፤ በዱር ያለው የዘር ብዝኃነት ደግሞ እዚህ እኛ ጋ ነው ያለው። "አረቢካ" የተባለውም ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ስም ሲያወጣለት አውሮፓ ቡናን የምታውቀው ከዐረብ አገር ስለነበር ነው። ተማሪው አንድ ቀን ተጨማሪ ቢፈልግ ይህን ሁሉ ያገኘው ነበር። አገሩን የሚያስከብር ወረቀት ይጽፍ ነበር። ግን እንዴት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንደሚኬድ ያሳየው የለም።

እዚያው ቡና ላይ ሌላም ነገር አለ። የድሮ መጽሐፍ "ከፋ" ሲል የዛሬውን ከፋ ዞን ብቻ ማለቱ ላይሆን ይችላል። በንጉሡም በደርግም ዘመን ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ኋላም የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ይህን የማያውቅ ተማሪ በ1950ዎቹ የታተመ መጽሐፍ ይዞ የቡና መገኛ ጮጬ ነው ቦንጋ ነው እያለ ፌስቡክ ላይ ይከራከራል። መቼ ተጻፈ የሚለው ጥያቄ ለቀን ማስሞያ ብቻ የሚመስለው ሰው እዚህ ጋ ይወድቃል።

ከከተማ ወጣ ብሎ መልኮ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። በአገሪቱ ስለ ቡና የተሠራው ትልቁ ሥራ ከዚያ የወጣ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ገብቶ ጉድ ሲያፈላ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ተመርጠው ወጡ፤ ገበሬው ሁሉ የሚያውቃቸው 74110 እና 74112 ከነዚያ ውስጥ ናቸው። "74" የሚለው የተመረጡበት ዓመት ነው፤ የፈረንጅ 1974። ይህን "በ1974 ዓ.ም." ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ታገኛላችሁ። በእኛ አቆጣጠር 1966 ነው። ስምንት ዓመት ዘለለ፣ የመንግሥት ለውጥ ሳይቀር ዘለለ።

የዘመን አቆጣጠር ነገር ለእኛ ተማሪዎች ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው፤ የትኛውም የፈረንጅ የሪሰርች መማሪያ መጽሐፍ አያስጠነቅቅም፣ ምክንያቱም ችግሩ የእነሱ አይደለም። "የጅማ ሕዝብ ብዛት ስንት ነው" የሚለውን ቀላል ጥያቄ ውሰዱ። ኢንተርኔት ላይ የማይገኝ ቁጥር የለም። ቤት ለቤት የተቆጠረው የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 2007። በዚያ ቆጠራ ጅማ ከተማ 120,960 ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምትና ትንበያ ነው፤ አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟልና። ተማሪው ግን ቁጥሩን "እ.ኤ.አ. በ1999" ብሎ ይጽፈዋል። ወይም የጅማ ዞንን ቁጥር፣ ያው በዚያው ቆጠራ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጋውን፣ የከተማዋ ያደርገዋል። ወይም ከአንድ የማይታወቅ ድረ ገጽ "የዘንድሮ ሕዝብ ብዛት" የሚል ቁጥር እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ይገለብጣል። ማን ቆጠረው? መቼ? ከተማውን ነው ዞኑን? እነዚህን ሦስቱን ብቻ መጠየቅ ቢለምድ ግማሹ ችግር ይቀላል።

በአማርኛ መፈለግም ብልሃት አለው። ፊደላችን አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ሆሄያት ስላሉት ፀሐይን አንዱ በጸሎቱ "ጸ" ይጽፈዋል፣ ሌላው በፀሐዩ "ፀ"። የጎግል ፍለጋ ሁሌ አንድ አድርጎ አያይልህም። በአንዱ አጻጻፍ ፈልገህ "የለም" ብለህ ከመሄድህ በፊት በሌላውም መሞከር ነው። በላቲን ፊደልማ ጅማ የምትባለው ከተማ አንዱ መጽሐፍ በአንድ "ኤም" ይጽፋታል፣ ሌላው በሁለት፣ የጣሊያን ጊዜ ሰነድ ደግሞ በ"ጂ" ይጀምራታል። የእኛ ልጆች በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በእንግሊዝኛም መፈለግ ይችላሉ። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ በሦስት ቋንቋ ሦስት ዓይነት ነገር ነው የሚገኘው። የሚጠቀምበት ግን አላየሁም። ሁሉም በተሰበረ እንግሊዝኛ አንድ ረጅም ጥያቄ ይጽፍና የመጀመሪያውን መልስ ይቀበላል።

የደራሲ ስም ነገርም አለ። ባህሩ ዘውዴን በእኛ ካታሎግ የምትፈልገው "ባህሩ" ብለህ ነው፤ ብዙ የውጭ ዳታቤዝ ላይ ግን በአባቱ ስም ነው የገባው። ይህን የማያውቅ ተማሪ የታወቀ የታሪክ ምሁር መጽሐፍ አጥቶ ይመለሳል። በአንድ ደቂቃ የሚነገር ነገር ነበር።

አሁን ወደ ማጣራቱ ልምጣ። የሚያስተምሩ ጥቂት መምህራን ሲያጋጥሙኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት የጥያቄዎች ዝርዝር ነው። ገጹ መቼ ታደሰ፣ ደራሲው ማን ነው፣ ዓላማው ምንድን ነው፣ እያለ የሚሄድ። በጣም የታወቀው ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2004 ካሊፎርኒያ ውስጥ በቺኮ ዩኒቨርሲቲ የላይብረሪ ባለሙያዎች የተዘጋጀው ነው። መጥፎ አይደለም። ችግሩ፣ ተማሪው መልሱን ሁሉ የሚፈልገው እዚያው ገጹ ላይ ነው። "ስለ እኛ" የሚለውን ይነካና ያነባል። አጭበርባሪ ደግሞ ስለ ራሱ ክፉ አይጽፍም። ገጹ ጽድት ያለ ነው፣ ሎጎ አለው፣ አድራሻው በ"ዶት ኦርግ" ያልቃል፤ በቃ ታመነ። "ዶት ኦርግ" ገንዘብ የከፈለ ሁሉ የሚገዛው አድራሻ መሆኑን የሚነግረው ሰው የለም። እንደ "ጎቭ ዶት ኢቲ" እና "ኢዲዩ ዶት ኢቲ" ያሉት ናቸው ለመንግሥት መሥሪያ ቤትና ለትምህርት ተቋም የተለዩት።

በዚህ ላይ የሚጠቀስ ጥናት አለ። ሳም ዋይንበርግ እና ሳራ ማክግሩ የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ነው። 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 10 በሙያቸው መረጃ አጣሪ የሆኑ ሰዎችን እና 25 የስታንፎርድ ተማሪዎችን ወስደው ድረ ገጾች አሳዩአቸው። በድምሩ 45 ሰው ነው፤ ትንሽ ጥናት ነው፣ ያንን አልደብቅም። ካሳዩአቸው ውስጥ የሁለት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራት ገጾች ነበሩ። አንዱ ከ1930 ጀምሮ ያለ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ትልቅ ማኅበር ነው። ሌላው በ2002 ከእሱ ተገንጥሎ የወጣ ትንሽ ቡድን ነው። ስማቸው ይመሳሰላል፣ ሁለቱም ገጽ ያምራል። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ትንሹን ቡድን አመኑ። ከፕሮፌሰሮቹም የተሸወዱ ነበሩ።

አጣሪዎቹ ግን አልተሸወዱም። ምን አደረጉ? ገጹን ብዙም አላነበቡትም። ወዲያው ወጡና ሌላ ገጽ ከፍተው ስለዚያ ድርጅት ሌሎች ምን እንዳሉ ፈለጉ። ማን ነው የሚደግፈው፣ ማን ይቃወመዋል፣ በምን ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ነው ተመልሰው ያነበቡት። የቡና ነጋዴ ጆንያው ላይ በተጻፈው ብቻ አይገዛም፤ ስለ አቅራቢው ገበያውን ይጠይቃል፤ ይኸው ነው። ለተማሪ ለማስተማር አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ስልኩን አስወጥተህ፣ አንድ የጤና ምክር የሚሰጥ የቲክቶክ ቪዲዮ ሰጥተህ፣ "ይህ ሰውዬ ማን ነው? ከራሱ ገጽ ውጪ አግኝልኝ" ማለት ነው። እንደ ጨዋታ ነው የሚሆንላቸው፤ ይወዱታል።

ዊኪፒዲያን በተመለከተ ከብዙ መምህራን ጋር አልስማማም። "ዊኪፒዲያ የጠቀሰ ዜሮ ያገኛል" ይላሉ። ተማሪው ምን ያደርጋል? ያነብበዋል፣ ይገለብጠዋል፣ አይጠቅሰውም። ውሸትን አስተማርነው ማለት ነው። ከመከልከል ይልቅ ወደ ገጹ ግርጌ ውረድ ብንለውስ? እዚያ የተዘረዘሩት ምንጮች አሉ፣ እነሱን ክፈት፣ ከነሱ ጥቀስ። አጣሪዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ቻትጂፒቲ ኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ የእኔ ሥራ በጣም አስቂኝ ሆኗል። ተማሪ የመጽሐፍና የጆርናል ዝርዝር ይዞ ይመጣና "ጋሼ እነዚህን አምጣልኝ" ይላል። ደራሲው አለ፣ ታዋቂ ሰው ነው። ጆርናሉም አለ። ጽሑፉ ግን በዓለም ላይ የለም። ማሽኑ ፈጥሮ ነው የሰጠው። እንዲያውም ከዝርዝሩ ማማር ነው የምጠረጥረው፤ የተማሪ ዝርዝር እንደዚያ አያምርም። ይህ ደግሞ ጅማ ውስጥ ብቻ የሆነ እንዳይመስላችሁ። ሰኔ 2015 ዓ.ም. ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የሌሉ ፍርዶች ጠቅሰው ለፍርድ ቤት አቤቱታ በማስገባታቸው ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጥተዋቸዋል። ጠበቃ! ሕግ ተምረው፣ ሠላሳ ዓመት የሠራም ነበረበት። የእኛ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ምን ይደረግ?

ማጣሪያው ከባድ አይደለም። ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ ከተህ የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው ጎግል ስኮላር ላይ ፈልግ። ካልመጣ ወደ ጆርናሉ ገጽ ሂድና የተባለውን ቅጽ ክፈት፤ በተባለው ገጽ ላይ ያለው ሌላ ሰው የጻፈው ሌላ ነገር ከሆነ አለቀ፣ ውሸት ነው። ዲኦአይ የሚባለው የጽሑፍ መለያ ቁጥር ካለው ቁጥሩን ዲኦአይ ድረ ገጽ ላይ አስገባ። ያ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቻትጂፒቲን አትጠቀሙበት አልልም፤ ስለማይከለከል። ሐሳብ ለማጥራት፣ የፍለጋ ቃል ለመጠየቅ ይረዳል። ምንጭ ግን አይደለም።

ይህን ስል ተማሪውን ብቻ እየወቀስኩ አይደለም፤ መምህሩም ጋ ችግር አለ። ለዕድገት ጽሑፍ ማሳተም አለበት፤ ስለዚህ "ኢንተርናሽናል ጆርናል" ከሚል ስም ጀርባ ገንዘብ ብቻ የሚቀበሉ፣ ጽሑፉን ማንም ሳያነበው በቀናት ውስጥ የሚያወጡ አሳታሚዎች ጋ የሚሄድ አለ። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የላይብረሪ ባለሙያ የነበረው ጄፍሪ ቢል የእነዚህን ስም ዝርዝር ያወጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጥር 2017 ላይ ከድረ ገጹ አነሳው። አሳታሚዎቹ ግን አልቀነሱም። እንዲህ ካለ ጆርናል ላይ ያወጣ መምህር ተማሪውን "ምንጭህን አጣራ" ሲለው ምን ዓይነት ፊት ይዞ እንደሚለው እንጃ።

የሚያናድደኝ ደግሞ ደህናው ነገር በነፃ እያለ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ አለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ጆርናሎች። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2003 የጀመረው አጎራ አለ፤ ለግብርና። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚያገኙት አገሮች ናት። ተቋሙ ይመዘገባል፣ መግቢያው ከላይብረሪ ይጠየቃል። ሌላ ሰው በውድ ብር የሚገዛውን ጽሑፍ እኛ በነፃ እናነባለን፤ ግን የሚጠይቀን የለም። የአፍሪካ ጆርናሎችን የሚያሰባስበው አጆል አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች በኢንተርኔት ይገኛሉ። እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ጆርናል ለማንም ክፍት ነው። የጅማ ልጅ ስለ ጅማ ወባ አሳይመንት ሲሠራ ከአንድ የሕንድ የጤና ብሎግ ይገለብጣል፤ ጎረቤቱ የሠራው ጥናት በስልኩ ላይ በነፃ ተቀምጦለት።

"ዳታ ውድ ነው፣ መብራት ይጠፋል፣ ኮምፒዩተር አይበቃም" የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው። ግን መደርደሪያው ዳታ አይፈልግም። ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣው የቁጥር አከፋፈል እስከ ዛሬ በብዙ ላይብረሪ ይሠራል። ቡና 633.73 ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። አንዱን መጽሐፍ ካገኘህ ግራና ቀኙን ተመልከት፤ ያልፈለግከው ግን የሚያስፈልግህ መጽሐፍ እዚያ ቆሟል። መጽሐፉን ገልብጠህ ደግሞ ከኋላ ያለውን የቃላት ማውጫ አንብብ። ይህን እንኳ የማያውቅ አለ፤ 400 ገጽ መጽሐፍ ይዞ አንዲት ነገር ለማግኘት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሲያገላብጥ ታየዋለህ፣ ከዚያ ይሰለቸውና ይመልሰዋል። በኋላም "ላይብረሪ ውስጥ ምንም የለም" ይላል።

እና ምን ይደረግ? እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ይህ ትምህርት ከአሳይመንቱ ጋር ይምጣ። መምህሩ አሳይመንት የሰጠ ቀን ክፍሉን ይዞ ላይብረሪ ይምጣ፤ በዚያው ርዕስ ላይ፣ በዚያው ሰዓት አብረን እንፈልግ። አሳይመንቱ ላይ ደግሞ ግማሽ ገጽ ይጨመር፦ የት ፈለግኩ፣ በምን ቃል፣ የትኛውን አግኝቼ ተውኩት፣ ለምን ተውኩት። ለሷም ማርክ ይሰጥ። ከጽሕፈት ቤት የተገዛ ወረቀት ይህን ግማሽ ገጽ በደንብ አይጽፍም፤ ቢጽፍም መምህሩ ሁለት ጥያቄ ጠይቆ ያውቀዋል። "ለምን ተውከው?" የሚለውን ያልፈለገ ሰው አይመልሰውም።

ስልሳ ሰባ ተማሪ ይዤ እንዴት አድርጌ የሚል መምህር አለ፤ ይገባኛል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢዎች ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ የሚባሉ ኮርሶችን በጋራ ይወስዳሉ። እዚያ መጀመር ይቻላል። ልጆቹ የተሳሳተ አመክንዮ ዓይነቶችን በእንግሊዝኛ ስማቸው ያነበንባሉ፣ ማታ ዶርም ገብተው ግን በቴሌግራም የመጣውን የስኮላርሺፕ ማጭበርበሪያ ፎርም ይሞላሉ። ትምህርቱን ከስልካቸው ጋር የሚያገናኝ ሰው ነው የጠፋው። በእርግጥ በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ከመጣ ወዲህ ሁሉም ነገር ወደ ምርጫ ጥያቄ ዞሯል። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። መረጃ ፍለጋ በምርጫ ጥያቄ አይመዘንም፤ ስለማይመዘንም ማንም ቦታ አይሰጠውም። የኮሌጅ ኃላፊዎች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። እኛንም መጽሐፍ ጠባቂ አድርገው ማየታቸውን ቢተዉ። በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሽ ሰው ብቻ አይደለንም፤ ይህንን ነው የተማርነው።

የመጨረሻው ነገር ለእናንተ ነው አዘጋጆች። ጋዜጣችሁን ተማሪዎች ያነባሉ፣ አሳይመንት ላይም ይጠቅሷችኋል። እናንተ ግን "ጥናቶች እንደሚያመለክቱት" ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ የትኛው ጥናት እንደሆነ አትሉም። "ባለሙያዎች ይናገራሉ" ትላላችሁ፣ ማን እንደተናገረ የለም። ተማሪው እኔ ጋ መጥቶ ያንን ጥናት ፈልግልኝ ሲል ምን ልበለው? ከዛሬ ጀምሮ ጥናት ስትጠቅሱ ማን እንደሠራው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ በየትኛው አቆጣጠር፣ በስንት ሰው ላይ እንደሆነ በአንድ መስመር አስገቡልን። ቦታ ከጠበባችሁ ከማስታወቂያው ቆርሱ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የላይብረሪ ሠራተኛ
ከጅማ